የአንድ አዳር ጓዝ

አንዲት ጠንካራ በቅሎ በጀርባዋ የምትችለው ጭነት ከአንድ ኩንታል ብዙም አይርቅም። በፖቶማክ ወንዝ ዳር በተቆፈረው ቦይ ላይ ግን ሁለት ሦስት በቅሎዎች ከ100 ቶን በላይ ድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ በገመድ ይጎትቱ ነበር። ክብደቱን የሚሸከመው ውሃው ነው። የበቅሎዎቹ ፋንታ በዳርቻው በተደለደለው መንገድ ቀስ እያሉ መራመድ ነበር። እሱም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ሲደክማቸው ጀልባዋ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ጋጣ ገብተው ያርፋሉ፣ ያረፉት ወጥተው ይተኳቸዋል።

እኔና ባልንጀራዬ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌታችንን ይዘን የምንወጣው በዚህ የበቅሎ መንገድ ነው። ቦዩ ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ ይባላል፤ የአካባቢው ሰው አሳጥሮ ሲ ኤንድ ኦ ይለዋል። ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነስቶ ምዕራብ ሜሪላንድ ውስጥ ካምበርላንድ እስከምትባለው ከተማ 297 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ሲሆን በዚያችው ዕለት ባልቲሞር ውስጥ የተፎካካሪው የባቡር ሐዲድ መሠረት ተጣለ። ባቡሩ ካምበርላንድ የገባው በ1842 ነው፤ ቦዩ በ1850። ስምንት ዓመት ዘግይቶ ለደረሰ ነገር ዕጣው አያጠራጥርም፤ ያም ሆኖ እስከ 1924ቱ ጎርፍ ድረስ እያነከሰ ሠርቷል። ኋላ ላይ የመኪና ጎዳና ይሠራበት ሲባል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ በ1954 ጋዜጠኞች አስከትለው ሙሉውን መንገድ ለመሄድ በእግራቸው ተነሱ። የጎዳናው ነገር ቀረ፤ ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የሐዲዱ ወገን ግን ዛሬም አልተኛም፤ የዕቃ ጫኝ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ በወንዙ ዳር ሲያጓራ ያድራል። ከያዝኩት ጓዝ ሁሉ እጅግ ቀላሉና እጅግ የሚያስፈልገኝ የጆሮ መድፈኛ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከዳር እስከ ዳር የሚወጣው ከፍታ 184 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እሱንም ጀልባዎቹ በ74 የውሃ ደረጃዎች እየተነሱ ይወጡት ነበር። ከአሌክሳንድሪያም ሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሳ ሐበሻ ብስክሌቱን መኪና ላይ ሳይጭን ከደጁ ፔዳል እየመታ ጆርጅታውን ይደርሳል። ከዚያ 27 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ የመጀመሪያው ነፃ ማደሪያ ይገኛል፤ ቀጥሎ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ሌላ አለ። እያንዳንዱ ማደሪያ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤትና በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ አለው። ክፍያ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ቀድሞ የደረሰ ያድራል፤ አንድ ቦታ ከአንድ ሌሊት በላይ መቀመጥ ግን አይፈቀድም።

አዲስ ሰው አብሮን ሊወጣ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቦርሳ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ፣ ስንት ሊትር ይሁን፣ ውሃ ያስገባል አያስገባም። እኔ የምመልስለት በጥያቄ ነው፦ የት ልታድር ነው? በየ10 ኪሎ ሜትሩ የውሃ ፓምፕ ያለበት መንገድ ላይ ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ መሸከም ከንቱ ድካም ነው። በብርዱ ወራት የፓምፖቹ እጀታ ስለሚነሳ ያኔ ሒሳቡ ይለወጣል። ብራንስዊክና ሀርፐርስ ፌሪን የመሰሉ ከተሞች መንገድ ላይ ስላሉ የሁለት ቀን ምግብ ይዞ መነሳት አያስፈልግም። መንገዱ የሚሸከመው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ነው የእኛ ሸክም፤ ቦርሳ የሚመረጠው ለዚያ ለቀሪው ነው። ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ ቦርሳ የሚገዛ ሰው በኋላ ቦርሳውን የሚሞላ ዕቃ ሲፈልግ ይገኛል።

በቦርሳ ጉዳይ የብስክሌተኛው ዓለም ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከኋላ ጎማ በላይ የብረት ፖርቶ መጋላ ያስርና ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ያንጠለጥላል። ሁለተኛው ብረት አይፈልግም፤ ረዘም ያለ ቦርሳ ከመቀመጫው ሥር፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ በብስክሌቱ ሆድ፣ አንድ ጥቅል ደግሞ መሪው ላይ በጠፍር ያስራል። ባዶአቸውን ሚዛን ላይ ቢያወጧቸው የመጀመሪያው ወገን ብረትና ቦርሳ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ የሁለተኛው ሦስት ቦርሳ ተደምሮ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ጥንዶቹ ቦርሳዎች 40 ሊትር ያህል ሲይዙ ከመቀመጫ ሥር የምትታሰረው ከ8 እስከ 16 ሊትር ነው የምትይዘው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሟ ይሄ ጥበቷ ነው። ባዶ ቦታ ካለ የሚገባበት ዕቃ አይታጣም።

ሱቆቹ ይህን አስተሳሰር የዘመኑ ግኝት ያስመስሉታል፤ አይደለም። በ1897፣ ማለትም ከዓድዋ ድል በዓመቱ፣ የአሜሪካ ጦር 25ኛ የእግረኛ ሬጅመንት ባልደረባ የሆኑ 20 ጥቁር ወታደሮች በሌተና ጄምስ ሞስ እየተመሩ ሞንታና ካለው ፎርት ሚዙላ እስከ ሴንት ሉዊስ በብስክሌት ሄደዋል። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 41 ቀን ፈጀባቸው። ፎቶግራፎቻቸውን ያየ ሰው የዛሬውን ሱቅ ያየ ይመስለዋል። ብርድ ልብሱና የድንኳን ሸራው ተጠቅልሎ መሪው ላይ ታስሯል፤ ስንቁ በብስክሌቱ ሆድ ውስጥ በተገጠመ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ነው። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የድንኳኑ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ወታደር ሙሉ ድንኳን አይዝም፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ግማሽ ነው። ማታ ሁለት ሰው ግማሾቹን በቁልፍ አጋጥሞ አብሮ ይተኛል። ከጓዱ የተጣላ ወታደር ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርግ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

የጠፍር ቦርሳዎቹ ጠባይ ግን መታወቅ አለበት። ከመቀመጫው ሥር ያለችው በደንብ ካልታሰረች ፔዳል በተመታ ቁጥር ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሄ ወገብ ላይ ይሰማል። መድኃኒቱ አጠቃቀሉ ላይ ነው። እኔ ጠንከር ያለውን ልብስ ወደ ጠባቡ ጫፍ ወደ መቀመጫው ዘንግ እጠቀጥቃለሁ፣ ቀጥሎ ለስላሳውን፤ ከዚያ ቦርሳውን መሬት ላይ አጋድሜ በጉልበቴ እጫነዋለሁ። አየሩ እየተነፈሰ ይወጣል። አፉን ሦስት ጊዜ እጠቀልልና ዘለበቱን አስሬ ጠፍሩን እስኪንቀጫቀጭ እስባለሁ። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ቆም ብሎ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ይረጋልና ጠፍሩ ይላላል። እንደ እኔ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ሌላ ችግር አለ፦ በመቀመጫውና በጎማው መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከሌለ የቦርሳው ሆድ ጎማውን እየነካ ይበላል። ሱቅ ገብተው ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በእጅዎ ይስፈሩ። ከባድ ነገር፣ ማለትም መፍቻው፣ መለዋወጫ ከመነዳሪው፣ ውሃውና ምግቡ፣ ቦታው የብስክሌቱ ሆድ ነው። መሪው ላይ ከባድ ነገር ያሰረ ሰው ጭቃ ላይ ሲደርስ ብስክሌቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ መሆኑ ይቀራል።

የባልንጀራዬ የሆድ ቦርሳ ከሱቅ አልተገዛም። አዲስ አበባ ሲሄድ የብስክሌቱን ሆድ ልክ በካርቶን ቆርጦ ሻንጣው ውስጥ ከተተና መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ሰውዬ ዘንድ ወሰደው። ሰውዬው ካርቶኑን አገላብጠው፣ «ይሄ የምንድን ነው ወንድሜ?» አሉት።

«የብስክሌት ሆድ ነው አባባ።»

«ብስክሌትም ሆድ አወጣ?» ብለው ሳቁና በማግስቱ ሰፍተው ሰጡት። ሸራው እንደ ፈረንጆቹ ጨርቅ ስስ አይደለም፤ ከእኔዋ በሁለት መቶ ግራም ይበልጣል። ስፌቱ ግን ድርብ ነው፣ ጥጎቹ ላይ ቆዳ ተደርጎባቸዋል፤ የእኔዋ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የእሱ ዘለበት እንደነበረ አለ። ሥራው እውነቱን ለመናገር ከጥንትም የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። በብስክሌት እየሄዱ ድንኳን ውስጥ ማደርን እንግሊዝ አገር ውስጥ ያስለመደው ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ የለንደን ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያው በ1897 ከጓደኞቹ ጋር አየርላንድን በብስክሌት ዞረ፣ በዓመቱ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1901 የብስክሌት ሰፋሪዎችን ማኅበር መሠረተ። ድንኳኑን የሚያቀለው ራሱ ነበር፤ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው የቱ ስፌት ሸክም እንደሆነ የቱ ደግሞ ሥራ እንደሚሠራ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ቦርሳ ላይ ባያውለው ይሻላል እላለሁ። ቦርሳ አሮጌም ቢሆን፣ ቢከብድም፣ ሸራም ቢሆን ያደርሳል። ሰውን ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከበታቹ ያለው ነው። ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለናል፤ ሙቀታችንን ይበልጥ የሚወስደው ግን የተኛንበት መሬት ነው። የላባ ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። በጀርባችን ስንተኛበት ግን ላባው ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከጀርባችን ሥር የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውድ ስሊፒንግ ባግ ገዝቶ በርካሽ ምንጣፍ ላይ የተኛ ሰው ገንዘቡን የጣለው ከራሱ ሥር ነው። ቁርበት ያነጥፉ የነበሩት አያቶቻችን ይህን የሚያስረዳቸው አልፈለጉም።

የምንጣፍ ሙቀት አያያዝ የሚነገረው አር በሚባል ቁጥር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ለክቶ የፈለገውን ይጽፍ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን ብዙዎቹ አንድ የጋራ መለኪያ ስለያዙ የአንዱን ከሌላው ማወዳደር ይቻላል። ለሞቃት ሌሊት 2 ይበቃል፤ የፖቶማክ ዳር ጥቅምትና ኅዳር 4 ገደማ ይጠይቃል። ታጥፎ የሚያዘው የስፖንጅ ምንጣፍ 400 ግራም ያህል ነው፣ ቁጥሩ 2 አካባቢ፤ እሾህ አይፈራም፣ አይነፋም፣ ምሳ ሲበላ መቀመጫ ይሆናል። ግን ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ ውጭ መታሰር አለበት። የሚነፋው ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል፣ ሲጠቀለል የውሃ ኮዳ ያክላል፤ ዋጋው ይቆነጥጣል፣ ሰው ሲገላበጥበት እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ሁለቱን ደራርቦ መተኛትም ይቻላል፤ ቁጥራቸው ይደመራል። የጋራ አዳር ላይ አንድ ሰው የሚነፋው ፍራሽ ሌሊት ቢተነፍስ የሌላው ስፖንጅ ለሁለት ይቆረሳል፤ እኛ አንዳችን ስፖንጅ፣ አንዳችን የሚነፋ የምንይዘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጋቢ ልምጣ፤ ሐበሻ ስለ መኝታ አውርቶ ጋቢን ሳያነሳ ማለፍ ያስቸግረዋል። ጋቢ ለአዳር የማይመች ነገር የለውም፣ ከክብደቱና ከውሃ ጋር ካለው ወዳጅነት በቀር። የእኔው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከአንድ ኪሎ ተኩል አለፈ። ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ የፖቶማክ ሸለቆ ደግሞ በነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ንጋት ላይ ጤዛው ሣሩንም ሰዉንም እኩል ያለብሳል። የረጠበ ጋቢ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቶሎም አይደርቅም። አሠራሩ ግን ትክክል ነው። ዛሬ ቀላል ጓዝ የሚወዱ ሰዎች ስሊፒንግ ባግን ትተው ኩዊልት የሚባል ነገር ይገዛሉ። ጀርባ የለውም፣ ዚፕ የለውም፣ ከእግር በኩል ጠበብ ያለ ብርድ ልብስ ነው። ሰው ከሥሩ የሚጨፈለቀውን ላባ ለምን ይሸከማል ነው ነገሩ። ጋቢውን ተከናንቦ እግሩ ሥር እየጠቀለለ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የእኔ ኩዊልት ስድስት መቶ ግራም አይሞላም፣ መስከረምና ጥቅምትን ያሳልፈኛል። በሐምሌ ደግሞ ቀጭን አንሶላ ይበቃኛል።

ላባው የሚመዘንበት ቁጥርም አለ። 800 የሚል የተጻፈበት ላባ 28 ግራሙ ሲላቀቅ 13 ሊትር ያህል ቦታ ይሞላል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ለዚያው ሙቀት ብዙ ላባ መሸከም ያስፈልጋል። ላባ ከረጠበ ግን ይጣበቃል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይያዛል፤ ቦርሳው ራሱ ውሃ አያስገባም ቢባልም። ሰው ሠራሹ ሙሌት ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ግን ረጥቦም ትንሽ ያሞቃል፤ ዋጋውም ይቀላል። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ ስሊፒንግ ባግ ላይ ስለሚጻፈው ዲግሪ ነው። በትክክል የተለካ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፤ አንዱ ሰው ተመችቶት የሚያድርበት፣ ሌላው ኩርምት ብሎ እንደምንም የሚያነጋበት። በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ብርድ የሚፈራ ሰው ትንሹን ጽሑፍ ያንብብ።

ስለ ድንኳን ብዙ አልልም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ችግሩ ዝናብ ሳይሆን ትንኝና መዥገር ነው፤ በዚህ አገር መዥገር «ላይም» የሚባል በሽታ ያመጣል፣ መናቅ የለበትም። ስስ ሸራ ከላይ፣ አጎበር ከሥር፣ አለቀ። ሸራውን በገመድ ከብስክሌቱ ጋር ወጥሮ ማሰር ይቻላል፤ ብስክሌቱም አብሮ ይታሰራል፣ ሌባም ቢመጣ ቤቱን ሳያፈርስ አይወስደውም። ድንኳን የሚገዛ ሰው የዘንጎቹን ርዝመት ይለካ። ሲታጠፉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙ ከበለጡ መሪው መካከል አይገቡም፤ ይህን ሱቅ ውስጥ የሚነግር ሰው የለም።

ስንቅ እንዲሁ አጭር ነው፦ በሶ። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ ምድጃ የማይፈልግ፣ በውሃ የሚበጠበጥ። ቀላል ምግብ እያሉ በከረጢት የሚሸጡትን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ በሶን የሚያህል አላገኘሁም። ባልንጀራዬ ቅቤና በርበሬ አሽቶ ጭብጦ አድርጎ ይይዘዋል።

እሱ የመንዝ ልጅ ነው። አባቱ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግር ሲወርዱ የሚይዙት አንድ ባና፣ አንድ ዱላ፣ በስልቻ በሶ ብቻ ነበር ይላል። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሸመን ብርድ ልብስ ነው፤ ከጋቢ ይከብዳል ግን ረጥቦም ያሞቃል፣ ለደጋ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለዝናቡ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ነበረ። ድንኳን አልነበራቸውም፤ ምድጃም፣ ምንጣፍም። ሲመሽ አንዱ ደጃፍ ላይ ቆመው «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን» ይላሉ፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግር ይታጠባል፣ ቁርበት ይነጠፋል፣ ካለው ይቆረሳል። ድሮን ማወደሴ አይደለም፤ ጅቡም ሽፍታውም ነበረ፣ ደጁን የሚዘጋም አይጠፋም። ግን የሰውዬው ጓዝ የቀለለው ባናው ስለቀለለ አይደለም። ፍራሹም ጣራውም ወጡም በየመንገዱ ባሉት ቤቶች ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። እኔ በስድስት መቶ ግራም ላባና በአራት መቶ ግራም ፍራሽ የምገዛው የዚያን ሰው አስተናጋጆች ነው፤ በጣም ውድ ናቸው፣ እግርም አያጥቡም።

አንድ ቀን ይህንኑ ጓዝ ይዤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም ወደ መንዝ ለመውጣት አስባለሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ለላባ ግን ከፖቶማክ ይልቅ ያ ደጋ ይስማማዋል፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢሰጣ ያደረበት እርጥበት ይወጣለታል። ምንጣፉ ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሆናል። አጎበሩ ይቀራል። ስለ ሸራው እኔና ባልንጀራዬ አልተስማማንም። እሱ «ሰው ቤት እያለ ሸራ ወጥረህ ሜዳ ላይ ብታድር አገሬው ምን አስቀየምነው ይላል» ባይ ነው። እኔ ደግሞ የፈረንጅ የሚመስሉ ሁለት ብስክሌቶች ይዞ ደጅ መምታት ያሳፍረኛል።

በጓዝ ጉዳይ ከዚህም የከረረ ክርክር አለን፤ ስለ ጀበና። እሱ ፖርቶ መጋላና ጥንድ ቦርሳ አልተውም ያለው በጀበናው ምክንያት ነው። ጀበናውን በሹራብ፣ ሲኒዎቹን በካልሲ ጠቅልሎ በግራው ቦርሳ ይይዛል። በቀኙ የጋዝ ምድጃና የተቆላ የተወቀጠ ቡና አለ። እኔ የጥርስ ብሩሼን ክብደት የማውቅ ሰው ነኝና ይሄን ባየሁ ቁጥር አላስችል ይለኛል። «ቡና ስታርባክስ አለ እኮ» እለዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ አንተንም ቤት ጥዬህ ብመጣ ይቀለኝ ነበር» ይለኛል።

ባለፈው መኸር ሀርፐርስ ፌሪን አልፈን ባለው ማደሪያ ሰፍረን ሳለ አንድ እግረኛ መጣ። የአፓላቺያን የእግር መንገድ በዚያ አካባቢ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ከበቅሎው መንገድ ጋር ይገጥማል፤ ልጁ ነፃ ማደሪያ ፍለጋ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ነው የመጣው። ጀርባው ላይ ያለችውን ቦርሳ አይቼ ቀናሁ፤ የትምህርት ቤት ልጅ ቦርሳ ታክላለች። ምድጃ አልያዘም፣ ኩባያ አልያዘም፣ ከዱላው በቀር የድንኳን ዘንግ እንኳ አልያዘም። እየደጋገመ የሚያነሳቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ ኤማ ጌትውድ። በ1955 በ67 ዓመታቸው የአፓላቺያንን መንገድ ሙሉውን ብቻቸውን የሄዱ የኦሃዮ ገበሬና የ11 ልጆች እናት ነበሩ። የያዙት ራሳቸው የሰፉት የጂንስ ጨርቅ ከረጢት፣ የወታደር ብርድ ልብስና ለዝናብ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር፤ ጫማቸው ተራ ሸራ ጫማ። እኔ ልጁን ስለ ፍራሹ ቁጥር ስጠይቀው፣ ስለ ኩዊልቱ ላባ ስጠይቀው፣ ባልንጀራዬ ጀበናውን ምድጃው ላይ ጥዶ ነበር።

ልጁ አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ጠጣ። በረካው እስኪደርስም ተቀምጦ ጠበቀ፤ በመሐል ጭብጦውንም ቀመሰ፣ በርበሬው ዓይኑን አስለቀሰው። ሲኒው ሁለት ብቻ ስለነበረ እኔ በውሃ ኮዳዬ ክዳን ነው የጠጣሁት። ባልንጀራዬ አላየኝም አይባልም፤ በአማርኛ «የጥርስ ብሩሽህን ልታውሰው ትችላለህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጀበናው ክርክር የለም። ለሚቀጥለው አዳር ስድስት ሲኒና ረከቦት የምይዘው እኔ እንድሆን ተስማምተናል፤ ከመቀመጫ ሥር የምትወዛወዝ ቦርሳ ለሸክላ ስለማትሆን ፖርቶ መጋላ እየፈለግኩ ነው። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም።